ስለ እግር ዝሆኔ የተጻፈውና እኛ ያነበብነው

እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አንዲት አጭር ጽሑፍ ወጥታ ነበር። ጸሐፊው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። በደጋው የሀገራችን ክፍል በባዶ እግር በሚሄዱ ገበሬዎች ላይ የሚታየው የእግር ዝሆኔ ትንኝ በምታስተላልፈው የፊላርያ ትል የሚመጣ አለመሆኑን፣ ይልቁንም መንስኤው ከሚረገጠው አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን ከገለጹ በኋላ፣ በሽታውን «ፖዶኮኒዮሲስ» ሲሉ ሰየሙት። ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን እግርና አቧራ የሚሉትን ሁለት ስሞች ያጣመረ ነው። ፕራይስ ለዓመታት ያካሄዱት ምርምር በ1990 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በመጽሐፍ መልክ ታተመ። እንግዲህ ዛሬ ዓለም የሚጠራበት ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የታወጀው በለንደን ወይም በጄኔቫ ሳይሆን እኛው በምናሳትመው መጽሔት ላይ ነበር ማለት ነው።

እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በሥራ የመጀመሪያ ዓመቴ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ ሆስፒታል፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ አንዲት እናት መጡ። ሁለቱም እግሮቻቸው ከጉልበት በታች አብጠዋል፤ የግራው ከቀኙ ይብሳል፤ በጣቶቻቸው መካከል ያለው ቆዳ ሻክሮና ተሰነጣጥቆ ፈሳሽ ይወጣዋል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ነበራቸው። «እግሬ ተነሣብኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ከእኔ በፊት ያያቸው ሐኪም በካርዳቸው ላይ «ፊላርያ» ብሎ ጽፎ ስለነበር፣ እኔም ያንኑ ቃል ደግሜ ጽፌ የፊላርያ መድኃኒት አዘዝሁላቸው። ሴትዮዋ ተወልደው ያደጉት ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የጎጃም ደጋ ነው፤ ቆላ ወርደው አድረው አያውቁም። ይህን የጠየቅኋቸው ግን ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፣ ስለ በሽታው ላለፉት ሃምሳ ምናምን ዓመታት ከተጻፉት ሥራዎች ዋና ዋናዎቹን ከደብረ ማርቆስ ወንበር ላይ ሆኜ ለመመዘን እሞክራለሁ። ሚዛኑ በጸሐፊዎቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በአንባቢዎቹም ላይ ያርፋል።

መጀመሪያ የሚነሣው ኦመን የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተሙት ጥናት ነው። ኦመን በበርካታ የሀገሪቱ ገበያዎች እየተዘዋወሩ የሚያልፈውን ሕዝብ እግር በዓይን እያዩ ቆጠሩ፤ ውጤቱም በአማካይ 2.7 በመቶ ገደማ ሆነ። መንገድና የሕዝብ ቆጠራ ባልነበረበት ዘመን የሰውን ብዛት ከሰው መሰብሰቢያ ፈልጎ ማግኘት ብልኅነት ነው። ነገር ግን ገበያ የሚወጣ ማን ነው? በጎጃም ገበያ የሚወጣው መራመድ የሚችል፣ ሸክም የሚችል፣ በሰው ፊት መቆም የማያሳፍረው ነው። እግሩ አብጦ የሚሸት ሰው ጤፉን በልጁ ወይም በጎረቤቱ እጅ ይልካል እንጂ ራሱ አይሄድም። ከዚህም ሌላ ጫማ ያለው ገበሬ ጫማውን የሚያደርገው ለገበያና ለበዓል ነው፤ ለእርሻና ለአረም ሲወርድ ያወልቀዋል። ስለዚህ ገበያ ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሰው የታመመውን አሳንሶ፣ የተጫማውን አብዝቶ ያያል። የኦመን ቁጥር ለረጅም ዘመን እንደ ጣሪያ ሲጠቀስ ቆይቷል፤ እኔ ግን እንደ ወለል ብናየው ይሻላል ባይ ነኝ።

የፕራይስ ሥራ ከዚህ በእጅጉ የጠለቀ ነው። እርሳቸው የሄዱት ከእግሩ ወደ መሬቱ ነው። በሽታው የሚገኘው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ባለበት ስፍራ መሆኑን አሳዩ። በባዶ እግር ከኖሩ ሰዎች የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥም የአፈር ማዕድን ቅንጣቶችን አገኙ። በቆዳ በኩል የገቡት እነዚህ ቅንጣቶች የሊምፍ ቧንቧዎችን እያስቆጡ፣ ቧንቧው እየጠበበና እየደደረ ሄዶ በመጨረሻ ይዘጋል። በሰሜን አፍሪካና በአንዳንድ የአውሮፓ አካባቢዎች ቀድሞ የነበረው ይኸው በሽታ፣ ሕዝቡ ጫማ ማድረግን ሲለምድ ያለ አንዳች መድኃኒት ጠፍቷል። ይህ ሐኪምን ትሑት የሚያደርግ ታሪክ ነው።

የፕራይስን ድካም ሳደንቅ ግን አንድ ነገር ቅር ይለኛል። በጽሑፎቻቸው ውስጥ አፈሩ ይናገራል፣ ዕጢው ይናገራል፤ የእግሩ ባለቤት ግን አይናገርም። ገበሬው አፈር እግሩን እንደሚያሳምመው ያውቅ ነበር ወይ? ምን ብሎ ይጠራዋል? ሲነሣበት ምን ያደርጋል? ፕራይስ የቀዶ ጥገናና የሥጋ ደዌ ሕክምና ወግ ያሳደጋቸው የዘመናቸው ሰው ናቸውና ለምን አልጠየቁም ብሎ አጥብቆ መክሰስ ተገቢ አይደለም። ይሁን እንጂ ከእርሳቸው በኋላ የመጣነው ይህን ጉድለት እንደ ቅርስ ተቀብለነዋል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች በጋራ ያቀረቡት የዘር ጥናት በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ከወላይታ የተገኙ ሕሙማንንና ጤነኞችን በማነጻጸር፣ የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት ከሚመሩት ኤችኤልኤ ከተባሉት ጂኖች ጋር በሽታው ግንኙነት እንዳለው አመለከተ። በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግር ከሚያርሱ ወንድማማቾች አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፍበትን ምክንያት ለመረዳት ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። በሳይንሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። ጥያቄዬ ከመጽሔቱ ገጽ ወጥቶ ወደ ጤና ጣቢያው ሲደርስ ምን ይሆናል የሚለው ነው። በእኛ ሀገር ሽማግሌ ተልኮ ጋብቻ ሲጠየቅ፣ አስቀድሞ የሚጠናው ዘር ነው። የአባት ወይም የአያት እግር ያበጠ እንደሆነ ልጅቷ ቆማ ትቀራለች። ይህን እምነት ለመስበር «በዘር አይተላለፍም» ስንል ኖረናል። አሁን ደግሞ «ዘር ድርሻ አለው» የሚል ማስረጃ ይዘናል። እውነቱ ሁለቱም በግማሽ ልክ አለመሆናቸው ነው፤ የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ለአፈሩ ያለው ተጋላጭነት ነው፤ እግሩ ከአፈር የተጠበቀ ሰው፣ አባቱም አያቱም የታመሙ ቢሆን፣ አይታመምም። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ በደንብ ተጽፋ በየጤና ኬላው ብትሰቀል፣ ከብዙ ዓለም አቀፍ ጽሑፍ የበለጠ ትዳር ታድን ነበር። እኔ እስካሁን ተሰቅላ አላየሁም።

ወደ ራሳችን አካባቢ ስንመጣ፣ በ2012 በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም፣ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች የተካሄደው የቤት ለቤት ቆጠራ ታትሟል። ከ15 ዓመት በላይ ከሆነው ሕዝብ 3.3 በመቶው፣ ማለትም ከሠላሳ አዋቂዎች አንዱ፣ ታሞ ተገኝቷል። በቁጥር ከ1,700 በላይ ሰዎች ናቸው፤ በሁለት ወረዳ ብቻ! ኦመን ገበያ ላይ ቆመው ካገኙት አማካይ ቁጥር የሚበልጥ መሆኑም ከላይ ያልሁትን የሚያጠናክር ይመስለኛል፤ ቦታውና ዘመኑ ስለሚለያይ ግን አጥብቄ አልከራከርም። ከዚያ ወዲህ የተሠራው የሀገር አቀፍ ካርታ በ345 ወረዳዎች የበሽታው ስጋት እንዳለ አሳይቷል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2013 ባወጣው የትኩረት የተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች ዕቅድ ውስጥ ፖዶኮኒዮሲስን አካትቶታል።

ከሁሉም ይልቅ ቆም ብለን ልናነበው የሚገባን ግን በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመውን፣ በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደውን የሕክምና ሙከራ ነው። 696 ሕሙማን በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ወዲያው፣ ሌሎቹ ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምና እንዲያገኙ ተደረገ። ሕክምናው እግርን መታጠብ፣ ቆዳን ማለስለሻ መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው፤ ከዚህ የረቀቀ ነገር የለበትም። ሕሙማኑ «ተነሣብኝ» የሚሉት ድንገተኛ ትኩሳትና ሕመም ወዲያው በታከሙት ላይ በዓመት በአንድ ሰው 19.4 ጊዜ፣ ተራ በጠበቁት ላይ 23.9 ጊዜ ተመዘገበ። ቅነሳው ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ቀላል ሕክምና በዚህ ደረጃ ማስረጃ መገኘቱ፣ ያውም ከእኛው ገጠር፣ የሚያኮራ ነው።

ሆኖም ጽሑፉ ሲጠቀስ ሁልጊዜ የምሰማው የቅነሳውን መጠን ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ቁጥር ነው። ካልታከሙት መካከል አንድ ገበሬ በዓመት ወደ ሃያ አራት ጊዜ፣ ማለትም በወር ሁለት ጊዜ ያህል፣ በትኩሳት ይወድቃል ማለት ነው። በእርሻ ወቅት ሁለት ቀን ተኝቶ የሚውል ሰው ማሳው አይጠብቀውም። እኛ ይህን ሕመምተኛ የምናገኘው ምናልባት በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ያም ቀን «አልፎ አልፎ ይነሣብኛል» ይለናል፤ እኛም «አልፎ አልፎ» ብለን እንጽፋለን። ደግሞም ከታከሙት ሰዎች የቀረው 19.4 ገና ብዙ ነው። ሙከራው የሕክምናውን ጥቅም አረጋገጠ እንጂ ሥራው እንዳለቀ አልተናገረም፤ የሚጠቅሱት ሰዎች ናቸው እንዳለቀ የሚያስመስሉት።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በ2010 በወላይታ በሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። ከተጠየቁት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፖዶኮኒዮሲስ ተላላፊ በሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እንግዲህ ስሙ በራሳችን መጽሔት ከታወጀ ሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ፕራይስ ራሳቸው ባጠኑት ምድር፣ በተማሩት ሰዎች ዘንድ ነው ይህ የተገኘው። ይህን ጥናት «የደቡብ ጉዳይ» ብለን እንዳናልፈው፣ ከላይ የነገርኋችሁን ካርድ አስታውሱ። በሴትዮዋ እግር ላይ የተጻፈውን ከማንበብ ይልቅ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ያነበብሁት እኔ ነኝ። በፖዶኮኒዮሲስ እብጠቱ ከእግር መዳፍ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጉልበት እምብዛም አያልፍም፤ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ መጠኑ ግን ይለያያል። ፊላርያ ብዙውን ጊዜ ብሽሽትንና የወንድ ብልትን ይነካል፤ የሚኖረውም በቆላ ነው። በሥጋ ደዌ ደግሞ እግሩ መዳበስን አያውቅም። ይህን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ጫማ አስወልቆ ማየትና «የት አድገዋል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ሳልጽፈው ማለፍ የማልፈልገው ሌላ ጉድለት አለ። በእነዚህ ጽሑፎች ሁሉ ውስጥ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ አይነገርም። «እግርዎን በየቀኑ በሳሙና ይታጠቡ» የሚለው ምክር በደጋው ላይ አንድ እንስራ ውኃ ነው፤ ያንን እንስራ የምትሸከመው ደግሞ ብዙ ጊዜ እግሯ ያበጠው ሴት ራሷ ናት። ሳሙናው፣ በረኪናው፣ ቫዝሊኑ ርካሽ ቢሆንም ከመድኃኒት ቤት በማዘዣ የሚወጣ ስላልሆነ፣ እርዳታ ሰጪው ድርጅት ሲወጣ አብሮት ይወጣል። ከ2023 ጀምሮ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት መንገድ በሚዘጋባቸው ሳምንታት ደግሞ ይህም ቅንጦት ይሆናል። ጫማውም ቢሆን በገበያ ላይ ያለው ኮንጎም ሆነ በረባሶ ላበጠ እግር አይበቃም፤ በልክ መሰፋት አለበት። ስለ ጫማ ሰፊው የተጻፈ አንድ ገጽ እንኳ ባነብ ደስ ባለኝ፤ የዚህ በሽታ ዋና ባለሙያ ምናልባት እርሱ ነውና።

ያቺ እናት ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ በካርዱ ላይ ያለውን ቃል ሰርዤ ሌላ ጻፍሁ። «ምን አልኸው አሁን?» ብለው ጠየቁኝ። ፖዶኮኒዮሲስ አልኋቸው። ሊደግሙት ሞክረው ሳቁ። ከዚያ በአማርኛ ምን እንደሚባል ጠየቁኝ፤ «ከአፈር የሚመጣ የእግር እብጠት» አልኋቸው። እግራቸውን ለጥቂት ጊዜ አዩና፣ «ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ሳርስ የነገረኝ የለም» አሉኝ።