አገር ስጠኝ

ዞርክን ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ከጓደኛዬ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ኤምአይቲ ውስጥ የተጀመረ፣ ሥዕል የሌለው፣ ጽሑፍ ብቻ የሆነ ጨዋታ። አንድ ነጭ ቤትና የፖስታ ሣጥን ይሰጥሃል፤ ትእዛዝ እየጻፍክ የቀረውን ትፈልጋለህ። ያለ መብራት ጨለማ ውስጥ ከቆየህ የሚበላህ አውሬ አለ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለነበር ግማሹ ሌሊት የሚያልፈው መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ነበር።

ቆይቼ የራሴን በአማርኛ ልሥራ ብዬ ተነሣሁ፤ መነሻው ሐይቅ ከተማ፣ መድረሻው ግሸን። ግሸን እኮ ለእንዲህ ያለ ጨዋታ የተፈጠረች ናት፤ ዙሪያዋ ገደል፣ መግቢያዋ አንድ በር።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ የከተማው ስም ነው። አንዱ ሐይቅ፣ አንዱ ሀይቅ፣ ሌላው ሃይቅ ብሎ ይጽፋል፤ ለፕሮግራሙ ሦስት አገር ናቸው። ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ መልሼ ተገላገልኩ።

ጉዱ ያለው ግሱ ላይ ነው። (ግስን የናቀ ውጫሌን ይጠይቅ፤ በ1881 ዓ.ም. ውል አንቀጽ 17 ላይ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ግስ ስላልተገናኘ ዓድዋ ድረስ ተሄዷል።) እንግሊዝኛው የትእዛዙን ግስ ፊት ያመጣል፣ የኛ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከኋላ እንዲያነብ አደረግኩትና ኮራሁ። የእህቴ ልጅ ቁጭ ብላ «በሩን ከፈትሁት» ብላ ጻፈች። «አልገባኝም» አላት።

«ክፈት በይው እንጂ!»

«ማንን ነው የማዘው አጎቴ? የምገባው እኔ አይደለሁ?»

እውነቷን ነው። እንቆቅልሽ ስንጫወት፣ አገር ስጠኝ ብሎ ጎንደርን የተሰጠው ልጅ ማንንም አያዝም። «ጎንደር ሄጄ» ብሎ ይጀምርና የበላውን የጠጣውን ያወራል፣ ያልመለሰለትንም ሲሰድብ ያመሻል። እኔ ይህን እያወቅኩ የእንግሊዝኛውን ትእዛዝ ስገለብጥ ከርሜያለሁ።

ሁሉንም አፍርሼ «ሄድኩ»ን፣ «ሄድሁ»ን፣ «አነሣሁ»ን እንዲሰማ አደረግኩት። አንድ ያላሰብኩት ጥቅም ተገኘ፦ «ክፈት» እና «ክፈቺ» ቀሩ፤ «ከፈትኩ» ወንድና ሴት አይለይም። ጨዋታው ፆታ የሚጠይቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በር ላይ፤ ሴት አይገባበትምና። የእህቴ ልጅ እዚያ ስትደርስ ትንሽ አሰበችና «በጀልባ ዞርሁት» ብላ ጻፈች። ጀልባ አልሠራሁም ነበር።

«አልገባኝም» የሚለውንም አጠፋሁት። አሁን ፕሮግራሙ መልሱ ሲጠፋው፣ እንቆቅልሽ እንዳቃተው ልጅ አገር ይሰጣል። ይህን ከደረሰችበት ወዲህ ሆን ብላ ዝባዝንኬ እየጻፈች፣ ውጫሌንም ግሸንንም አንድ እርምጃ ሳትሄድ ትወስዳለች።