ቤዝ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው አንገቱ ነው

በቦሌና በገርጂ ቤዝ ጊታር የሚመርጡ ወጣቶችን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አንዱ ቀለሙን ያደንቃል። ሌላው ጭንቅላቱ ላይ የተለጠፈውን ስም በስልኩ ያነሣና ለጓደኛው ይልካል። ሦስተኛው አምፑን ከፍቶ ክሩን በአውራ ጣቱ ሁለት ሦስቴ ይመታና «ድምፁ ያብዳል!» ይላል። ሻጩም «ኦርጅናል ነው፤ ከውጭ የመጣ» ብሎ ይደመድመዋል። ገንዘቡ ይከፈላል፣ ዕቃው በቦርሳ ተይዞ ይወጣል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንገቱን በዓይኑ ተከትሎ ያየ አንድም የለም። ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ ያው ልጅ «ክሩ ይንጣጣብኛል፤ ዝቅ ሳደርገው ይብሳል» እያለ ጠጋኝ ፍለጋ ይዞራል።

ርካሽ ቤዝ መጥፎ ነው አልልም። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ መሣሪያ ለብዙ ሙዚቀኛ ከአቅም በላይ ሆኗል። አብዛኛው ሰው የሚገዛው ያገለገለ ነው፤ ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣውን፣ ባንድ ሲፈርስ የተሸጠውን፣ ከአምልኮ አዳራሽ መጋዘን የወጣውን። እንዲህ ባለ ገበያ የገዢው ካፒታል ዓይኑ ነው።

መቃኛዎቹ በደንብ ይዞሩ እንደሆነ፣ ጃኩ ሲነካ ይንኮሻኮሽ እንደሆነ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያው ይንጫጫ እንደሆነ ማንም ይፈትሻል። እነዚህ ሁሉ ይጠገናሉ። ጃክ መለወጥ ብየዳ ለሚችል ሰው የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ክር ይገዛል፤ ፒክአፕም ይቀየራል። ከአሜሪካ የመጣ በ110 ቮልት የሚሠራ አምፕ በእኛ 220 ቮልት ላይ እንደሚቃጠልም የታወቀ ነው። በእነዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

በቀላሉ የማይቀየረው አንገቱ ነው። የተለመደው ቤዝ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሊዮ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ፕሪሲዥን ቤዝን ለገበያ ሲያቀርብ ያወጣው ይህ ልክ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አራቱ ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ ያን ረጅምና ቀጭን እንጨት 70 ኪሎ ግራም ገደማ በሚሆን ጉልበት ይስቡታል። እየተጫወታችሁም ሆነ ተኝታችሁ ይስቡታል። በደንብ ያልደረቀ፣ መስመሩ የተጣመመ እንጨት ይህን ጉልበት አይችለውም። ለጊዜው የቻለ ይመስላል፣ ውሎ አድሮ ይዞራል።

እዚህ ላይ ነው ገዢው የሚታለለው። አንገት ሁለት ዓይነት ችግር አለው። አንደኛው መጉበጥ ነው። ይህ በርዝመቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዘንበል ነው፤ በውስጡ ያለፈው ብረት፣ ትረስ ሮድ የሚባለው፣ በቁልፍ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እየተነካ ያስተካክለዋል። ሁለተኛው መጠማዘዝ ነው። ጭንቅላቱ ወደ አንድ ወገን፣ ገላው ወደ ሌላ ወገን ይዞራል። ትረስ ሮድ የሚሠራው በርዝመት ብቻ ስለሆነ የጎን መዞርን አይነካውም። ሻጩ ግን ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ «ቁልፍ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ይስተካከላል» ይላችኋል። ይህን ስትሰሙ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩ። ቁልፉን አውጥቶ እዚያው ፊታችሁ ያስተካክል፤ ካልቻለ ዕቃውን አስቀምጣችሁ ውጡ።

አተያዩን እንዲህ ተማሩት። ገላውን ወደ ራሳችሁ አድርጋችሁ ጭንቅላቱን ወደ መስኮት ብርሃን አቅኑ። አንድ ዓይን ጨፍኑ። የቀረውን ዓይን ከመጨረሻው ፍሬት (አንገቱን አቋርጠው ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ከመጨረሻው) ጋር አስተካክላችሁ አንገቱን እስከ ጫፉ እዩት። ፍሬቶቹ ከቅርብ ወደ ሩቅ የተደረደሩ አግዳሚ መስመሮች ሆነው ይታያሉ። ቅርቡን መስመር ያዙ፤ ከዚያ ሳትንቀሳቀሱ ነቱ (ክሮቹ ወደ ጭንቅላቱ የሚያልፉበት ድጋፍ) አጠገብ ያለውን ሩቁን መስመር ያዙ። ሁለቱ እኩል ከተጋደሙ አንገቱ ጤነኛ ነው። ሩቁ መስመር በወፍራሙ ክር በኩል ዝቅ፣ በቀጭኑ በኩል ከፍ ብሎ፣ ወይም በተቃራኒው ከታየ፣ አንገቱ ተጠማዝዟል። ለጀማሪ ዓይን መጀመሪያ ግር ይላል። ብዙ አንገት ያየ ሰው ግን ገና ሲያነሣው ያውቀዋል።

ዓይናችሁን ካላመናችሁት ክሩን ማስመሪያ አድርጉት። በወፍራሙ ክር ላይ የመጀመሪያውን ፍሬትና የመጨረሻውን ፍሬት በሁለት እጅ ተጫኑ፤ ጓደኛችሁ ሰባተኛውና ስምንተኛው ፍሬት ጋ በክሩና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይይ። ቢዝነስ ካርድ የሚያሳልፍ፣ 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ክፍተት መልካም ነው። ያንኑ በቀጭኑ ክር ድገሙት። በአንዱ ካርዱ እየሾለከ አልፎ በሌላው ክሩ ብረቱ ላይ ከተጋደመ ማስረጃው በእጃችሁ ነው። እንዲህ ያለውን አንገት ለአንዱ ወገን ስታስተካክሉት ሌላው ይበላሻል። ወፍራሙ ክር እንዳይንጣጣ ብታነሡት ቀጭኑ ከጣት ይርቃል፤ ቀጭኑን ብታወርዱት ወፍራሙ ይጮኻል።

«ትንሽ ብቻ ነው የዞረው» የሚሉ አሉ። ትንሽ መጠማዘዝ የሚባል ነገር አልቀበልም። መዞር የጀመረ እንጨት የት እንደሚቆም የሚያውቅ የለም። በሙቀት ተጭኖ ሊመለስ ይችላል የሚሉም አሉ። ይህ በትልልቅ ወርክሾፖች ውድ መሣሪያ ላይ የሚሞከር ሥራ ነው፤ በርካሽ ቤዝ ላይ ከዋጋው በላይ ያስወጣል፣ እንደተመለሰ ለመቅረቱም ዋስትና የለውም። ሕጌ ይህ ነው፦ የተጠማዘዘ አንገት በነፃ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ። ጀማሪ ከሆናችሁ ጣታችሁን አበላሽቶ ያስተምራችኋል፣ ጥፋቱም የራሳችሁ ይመስላችኋል።

የእኛ አገር አየር ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። በመርከብ የመጣ ዕቃ ሞቃትና እርጥበት የበዛበት ጅቡቲ ወደብ ላይ ሰንብቶ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው አዲስ አበባ ይወጣል። ከጥቅምት ጀምሮ አየሩ ይደርቃል። እንጨት እርጥበት ሲያጣ ይሰበሰባል፤ ብረት አይሰበሰብም። ስለዚህ የፍሬቶቹ ጫፎች ከአንገቱ ጠርዝ ወጥተው ይቀራሉ። መዳፋችሁን በጠርዙ ላይ ከላይ እስከ ታች አስኪዱት። ቢቧጭራችሁ እንጨቱ ከተሠራ በኋላ ደርቆ ተሰብስቧል ማለት ነው፤ በሞረድ ይስተካከላል፣ ነገር ግን አንገቱን ሁለተኛ ጊዜ በጥንቃቄ እንድታዩት ይነግራችኋል። ከዚህም ሌላ ሕግ አወጣለሁ፦ ቤዝ የሚገዛው በጥርና በየካቲት ነው። በነሐሴ ቀጥ ብሎ የታየ አንገት ገና ፈተናውን አልወሰደም።

ይህን ያስተማሩኝ ከብዙ ዓመት በፊት ሃያ ሁለት አካባቢ ጠባብ ወርክሾፕ የነበራቸው ጠጋኝ ናቸው። መሣሪያ ሲመጣላቸው አይሰኩትም፣ ክሩንም አይመቱም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው፣ ቤዙን ወደ በሩ ብርሃን አቅንተው ዝም ብለው ያዩታል። አንድ ቀን እዚያ ይሠራ የነበረ ልጅ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ድምፁን አንሰማውም?» አላቸው። «ድምፅ ያታልላል ልጄ፤ እንጨት ግን የሆነውን ያሳይሃል። ና፣ በዚህ በኩል እይ» ብለው ቦታቸውን ለቀቁለት። ልጁ ሲያይ እሳቸው ከኋላው ሆነው አገጩን በሁለት ጣት ቀና ያደርጉለት ነበር፤ ዓይኑ ከፍሬቱ እኩል እስኪሆን ድረስ አይተዉትም።

እሳቸው በወጣትነታቸው በሆቴል ባንድ ቤዝ ተጫውተዋል። በሰዓት እላፊው ዘመን ታዳሚው ሌሊት መውጣት ስለማይችል ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። አዳራሹ ሲሞቅ አንገቱ ይንቀሳቀሳል፤ ሌሊቱን በሙሉ በመቃኘት ያሳለፈ ቤዝ ተጫዋች ደህና እንጨት ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ገብቶታል ይሉ ነበር። ቤዛቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው አይተዉትም፤ ሁልጊዜ በሳጥኑ ውስጥ ጋደም ብሎ ነው የሚያድረው። ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ፣ በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ በፀሐይ ተቀቅሎ የሚውለውን መሣሪያ ሳይ እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

የእኛ ሙዚቃ በቤዝ ላይ የሚጥለው ሸክም ቀላል አይደለም። ችክችካ ሲመታ ቤዙ አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፤ አንድ የሚንጣጣ ፍሬት ካለ ጉድለቱ ዘፈኑ እስኪያልቅ ደጋግሞ ይሰማል። የኢቤክስን፣ በኋላም የሮሃን ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮን አድምጡ። ማሕሙድ አሕመድ ከኢቤክስ ጋር በሠራው «ኧረ መላ መላ» ላይ ቤዙ ዘፈኑን ተሸክሞ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ድምፅ ጀምሮ እስኪያልቅ ንጹሕ ነው። ከዚያ በኋላ የሮሃ ቤዝ በብዙ ዘፋኞች ካሴት ላይ ተሰምቷል። ያን አጨዋወት የሚመኝ ወጣት መሣሪያው በመጀመሪያዎቹ አምስት ፍሬቶች ላይ ሳይንተባተብ መናገሩን ማረጋገጥ አለበት፤ አብዛኛው የዘፈን ሥራ የሚሠራው እዚያ ነው።

ስለ ስም ከተጠየቅሁ፣ በመጠነኛ ዋጋ ያማሃ ቲአርቢኤክስ 174፣ የስኳየር አፊኒቲ ፕሪሲዥን እና አይባኔዝ ጂኤስአር 200 ጥሩ መነሻዎች ናቸው። ያገለገለ ያማሃ ስሙ ካልተሰማ አዲስ ቤዝ ይበልጥብኛል። ፌንደር የሚል ጽሑፍ ግን በራሱ ምንም አያረጋግጥም፤ ጽሑፍ ይለጠፋል። ባለ አምስት ክር ለጀማሪ አልመክርም። ታችኛው ክር 31 ኸርዝ ገደማ ነው፤ በየአዳራሹና በየምግብ ቤቱ ያለው ትንሽ ስፒከር ያን ድምፅ በትክክል አያወጣም። ተጨማሪው ክር ግን አንገቱን ያለማቋረጥ ይስበዋል። ባትሪ ያለው አክቲቭ ሰርኪውትም ደካማ እንጨትን በጩኸት ይሸፍናል። ስለዚህ ሳይሰካ አጫውቱት፤ ገላውን ከሆዳችሁ አስጠግታችሁ ክሩን ምቱ። ሲንቀጠቀጥ ሰውነታችሁ ካልተሰማው አምፕ አያድነውም።

ከመገናኛ እስከ አያት ባሉ የአምልኮ አዳራሾች ብዙ ወጣቶች ቤዝ እየተማሩ ነው። የነገ ቤዝ ተጫዋቾች ከእነዚያ መድረኮች እንደሚወጡ አምናለሁ። ለሚያስተምሯቸው ሁሉ የምለው አለ። ቅኝት ከማስተማራችሁ በፊት ማየት አስተምሯቸው። ከፊታቸው ሁለት ቤዝ፣ አንዱ ጤነኛ፣ ሌላው የተጠማዘዘ፣ አስቀምጡና በዓይን እንዲለዩ አድርጉ፤ እስኪለዩ ድረስ ገበያ አትላኳቸው። አንገቱ ቀጥ ያለ ስም የለሽ ቤዝ ይዞ የመጣ ተማሪ በትክክል ገዝቷል። አንገቱ የዞረ ፌንደር ይዞ የመጣውን ግን አታመስግኑት፤ ውዳሴው ነው ገበያውን ያበላሸው።