ሸንት ያለበት ልጅም ይሩጥ

ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሳሽ የተጠራቀመበት ሕፃን ሸንት፣ ማለትም ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቱቦ፣ ገብቶለት ወደ ቤቱ ሲመለስ እናቱ «ጠብቂው» ትባላለች። እንዴት እንደምትጠብቀው በዝርዝር የሚነግራት ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ልጁን ታስቀምጠዋለች። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ እንዲህ ተቀምጠው ያደጉ ናቸው። ቱቦው በደህና እየሠራ እግራቸው ሰንፏል።

መጀመሪያ የማሠራው እናትዬዋን ነው። ጣቷን በስሱ ከልጁ ጆሮ ጀርባ አኑሬ፣ ቱቦው በአንገትና በደረት ቆዳ ሥር ወርዶ ሆድ የሚገባበትን መንገድ እንድትዳስስ አደርጋለሁ። «ሲሮጥ ቢወልቅስ?» ትለኛለች። «እህቴ፣ ቁስሉ ከዳነ መሮጥና መዝለል አይነቅለውም። ሲያድግ እንዳያጥረው ብለው ሆዱ ውስጥ ትርፍ ቱቦ ይተዉለታል» እላታለሁ። መንገዱን በጣቷ ያወቀች እናት ፍርሃቷ ይቀንሳል። ሸንትን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም፤ የፈሳሹን ፍሰት ከሚቆጣጠሩት ዕውቅ የሸንት ቫልቮች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1956 የሠራው ጆን ሆልተርም ሐኪም አልነበረም፤ ልጁ በዚህ ሕመም የተያዘበት አባት ነበር።

ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ ድብብቆሽ ይፈቀዳል። ኳስም ይጫወት፤ ቴስታ ግን እኔ አልፈቅድም። ቦክስ፣ አንገት የሚያንቅ ትግልና በዱላ የሚመታ የገና ጨዋታ ይቅርበት።

ሸንት ካላቸው ልጆች መካከል የጀርባ አጥንት ክፍተት ይዘው የተወለዱት የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ። ብዙዎቹ እግራቸው ስለማይሰማቸው ሚስማር ወግቷቸው፣ ጫማ ልጧቸው ሳያውቁ ይጫወታሉ። ባዶ እግራቸውን አይሩጡ። ማታ ማታ ውስጥ እግራቸው በብርሃን ይታይ፤ ጫማቸውም ከመደረጉ በፊት ይራገፍ። ፊኛ ለሚሠራበት ጎማ፣ ለላቴክስ፣ አለርጂም የተጋለጡ ስለሆኑ በልደት ቀን እንኳ ፊኛ ባይሰጣቸው እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። ልጁ ራሱን ሲያመው፣ ሲያስታውከውና እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ እየታሸ ቀን ያልፋል። እነዚህ የሸንት መዘጋት ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ትኩሳት ወይም በቱቦው መንገድ ላይ መቅላት ደግሞ ኢንፌክሽንን ሊያመለክት ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ማደር የለበትም፤ የጭንቅላት ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይወሰድ።

የስፖርት መምህራን፣ እናንተን አደራ እላለሁ። ይህን ልጅ ቦርሳ ጠባቂ አድርጋችሁ ዳር አታስቀምጡት። የሚችለውን ከወላጁ ጠይቁ፣ ስልካቸውን ያዙ፤ ጭንቅላቱን ከተመታ ወይም ካስታወከ ሰዓት ሳታሳልፉ ደውሉ።