መጀመሪያ አበባው

የድሮ የጀርመን ሲኒ ያነሣ ሰው ሁሉ ወዲያው ገልብጦ ቂጡን ያያል። የተቆላለፉ ሁለት ሰማያዊ ሰይፎች ካገኘ «ማይሰን ነው!» ብሎ ዋጋ መጠየቅ ይጀምራል። እኔ ሰይፉን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። ለአስመሳይ አበባ ከመሳል ሁለት መስመር ማጣመር በጣም ይቀለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1710 የተቋቋመው የማይሰን የፖርሲሊን ፋብሪካ ስሙ በገነነ ቁጥር ምልክቱን የሚቀዳው በዛ። በ19ኛው መቶ ዓመት ድሬስደን ውስጥ ሄለና ቮልፍዞን የተባለች ነጋዴ የማይሰን የቀድሞ ምልክት የሆኑትን የንጉሥ አውጉስጦስን የስም ፊደላት ከሥር እያስጻፈች ትሸጥ ነበር፤ ያቆመችው ማይሰን ከስሷት ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው ግን የእሷም ሠዓሊዎች እጅ የዋዛ አለመሆኑ ነው፤ ዛሬ የእሷኑ ዕቃ ፈልገው የሚሰበስቡ አሉ። በተቃራኒው ሰይፉ እውነተኛ፣ ሥዕሉ ግን የውጭ ሰው የሆነም ሞልቷል። ፋብሪካው ሳይሳልበት የሸጠውን ነጭ ዕቃ ሌላ ሠዓሊ ገዝቶ ያስጌጠው ነው። በእንዲህ ያለው ላይ ብዙ ጊዜ ሰይፎቹን የሚያቋርጥ ጭረት አለ።

ስለዚህ አጉሊ መነጽሬን አበባው ላይ አደርጋለሁ። የታተመ ከሆነ ቀለሙ በተደረደሩ ነጠብጣቦች ይበተናል። በእጅ የተሳለ ከሆነ ብሩሹ የት እንዳረፈ፣ የት ጫን እንዳለና የት እንደተነሣ ይታያል። መሐል ሰፋሪም አለ፤ የዙሪያ መስመሩ ታትሞ ውስጡ ብቻ በእጅ የተቀባ። ይህን የሚያጋልጠው ጓደኛው ነው፦ ስድስቱም ሲኒዎች ላይ የጽጌረዳዋ ቅጠል በአንድ ቦታ ከታጠፈች፣ የሠዓሊ እጅ አይደለም።

ጣትም ያያል። ፖርሲሊን 1400 ዲግሪ ገደማ ስለሚቃጠል አብዛኛው ቀለም ያንን አይችልም፤ ከላይ በሚያብረቀርቀው ልባሱ ላይ ይሳልና በ800 ዲግሪ ገደማ እንደገና ይቃጠላል። ቀዩና አረንጓዴው ትንሽ ጎበጥ ብሎ ጣት የሚነካው ለዚህ ነው። ሰማያዊው ኮባልት ግን ከልባሱ ሥር ስለሚሆን ልሙጥ ነው።

ከሁሉ የምወዳት ግን ከአበባው እቅፍ ተነጥላ ጠርዙ አጠገብ የምትገኘውን ትንሽ አበባ ወይም ጥንዚዛ ነው። ለውበት ብቻ የተጣለች ትመስላለች። ሲኒውን ወደ መስኮት ሰያፍ ሳዘነብለው፣ አንዳንዴ ከክንፏ ሥር ጠቃጠቆ ወይም የእሳት ጉድለት ብቅ ይላል። ሠዓሊው ዕቃው እንዳይጣል ጥንዚዛ አስቀመጠበት። እኔ እንዲህ ላለው ሲኒ እንከን ከሌለው ይልቅ ገንዘቤን አወጣለሁ፤ ነጋዴዎች ይስቁብኛል።

የቀረው በፍጥነት የሚታይ ነው፦ ጠርዙን በጥፍር መታ አድርጎ ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ መፈለግ፣ የማንቆርቆሪያውን አፍና የሲኒውን ጆሮ መመርመር፣ ክዳኑ የራሱ መሆኑን ማየት። በአፉ መግቢያ ላይ ማጥለያ ቀዳዳዎች ያሉት ድቡልቡል ማንቆርቆሪያ የሻይ ነው፤ «የቡና ነው» ተብሎ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የቡናው ረዘም ይላል።

የማይሰን የመጀመሪያዎቹ ሲኒዎች የቻይናን ቅርጽ ተከትለው ጆሮ አልነበራቸውም፤ የእኛን ሲኒ ለለመደ እጅ እንግዳ አይሆኑም። ካሉኝ ሲኒዎች ውስጥ የወርቅ ቅባቸው ድሮ ባለቀው ቡና እጠጣለሁ። ወርቁ ያልለቀቀውን በለብ ያለ ውሃ፣ በእጄ፣ አንድ በአንድ አጥባለሁ፤ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ያንን ቅብ ይበላዋል።