የጋፋት ሐረግ በእናት በኩል

ከደብረ ታቦር ብዙም የማትርቀው ጋፋት ስሟ የሚነሣው ከሴባስቶፖል መድፍ ጋር ነው። ለዘር ቆጣሪ ግን ጋፋት ከሁሉ በፊት የጋብቻ ሰፈር ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ካሰፈሯቸው ባዕዳን መካከል ከባዝል አቅራቢያ፣ ከቅድስት ክሪሾና ሚሲዮን የመጡት ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ካርል ዛልሙለር የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ሁለት ሴቶች ልጆች አገቡ። ትውልዱ ፖላንዳዊ አይሁዳዊ የሆነው ሞሪትዝ ሃል ደግሞ ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር ከኢትዮጵያዊት የወለዳትን ልጅ አገባ። ከመቅደላ ውድቀት በኋላ ቤተሰቦቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጥተው ወደ ፍልስጥኤምና ወደ ሊባኖስ ተበተኑ። ሐረጋቸውን መልሶ ለመግጠም ሲሞከር የሚያጋጥመው ስሕተት ባመዛኙ ምንጩ አንድ ነው። የአውሮፓ መዝገብ የቤተሰብ ስም ተከትሎ በአባት በኩል ይወርዳል፤ እናቲቱን ሐበሻዊት ሚስት ብሎ ያልፋታል፤ ከሦስት ከአራት ትውልድ በኋላ የልጅ ልጆች ባዶውን ቦታ በልዕልት ይሞሉታል። ይህን የሚያርመው ዘዴ በጌምድር ውስጥ ድሮም ነበረ፤ የርስት ክርክር ነው። ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር ባለጉዳዩ ከራሱ እስከ ዋናው አባት ድረስ ወንዱንም ሴቱንም በስም እየጠራ መቁጠር ነበረበት። አንዲት አያት ከተዘለለች መሬቱ ይቀር ነበር።

በዚህ ዓይን ሲታይ መጀመሪያ የሚፈተሸው ስም ነው። በእንግሊዝ ሰነድ ጆን ቤል የተባለው ሰው በኢትዮጵያ ዜና መዋዕል ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ነው። በአማርኛ ምንጭ ቤል እያለ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ዮሐንስን ያገኘም ማንነቱን ሳይለይ ሊያልፈው ይችላል። የሃል ሚስት በአውሮፓ መዝገብ ካታሪና፣ በአገሯ ወለተ ኢየሱስ ናት፤ ሁለቱን ስሞች ሁለት ሴት ያደረገ ቆጣሪ ለሃል አንዲት ሚስት ይጨምርለታል። ከስም ቀጥሎ ዘመን ያሳስታል። ቤል የተገደለው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1860 ነው፤ መቅደላ የወደቀችው ደግሞ እንደ እኛ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1868። የትኛው አቈጣጠር እንደሆነ ሳይጠቀስ «በ60» የተባለ ልደት የስምንት ዓመት ስሕተት ይዞ ይመጣል፤ አባቱ ከሞተ በኋላ ዘግይቶ የተወለደ ልጅ በሐረጉ ላይ ሲታይ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይኸው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ምሳሌ የተዋናዩ የፒተር ኡስቲኖቭ ነው። የሃልና የወለተ ኢየሱስ ልጅ መግደሌና በመቅደላ ዘመቻ ሰሞን ተወለደች፤ ኋላ በያፋ የሩሲያውን መኰንን ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭን አገባች፤ ተዋናዩ የልጇ ልጅ ነው። ስሟና ዘመኗ ከንጉሠ ነገሥቱ ፍጻሜ ጋር ስለገጠመ በዙሪያዋ የንጉሣዊ ደም ወሬ ተንሰራፋ። እንደ ቮልበርት ስሚት ያሉ ተመራማሪዎች ሐረጉን ሲፈትሹ ግን ደረጃ በደረጃ የሚቆጠር ሌላ መስመር ተገኘ፤ የወለተ ኢየሱስ እናት በጀርመንኛው አጻጻፍ ኢሴተ ወርቅ የምትባል የጎንደር ባለሟል ሴት ናት፣ የኢሴተ ወርቅ አባትም መቃዶ የሚባል የጦር አለቃ። የመኳንንት ወገን ነው፤ የነጋሢ ግን አይደለም።

የአፍ ቆጠራ ለመሬት ሲባል ይጣመማል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ይጣመማል። ነገር ግን ርስት ጠያቂው ሐረጉን የሚቆጥረው መሬቱን በያዘው ባላጋራ ፊት ነበር፤ የተጨመረ አያት ቢኖር ሊያጋልጥ የሚጓጓ ሰው እዚያው ተቀምጧል። የአውሮፓ ቤተሰብ ትረካ እንዲህ ያለ ባላጋራ ገጥሞት አያውቅም። እርግጥ ከየካቲት 1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በኋላ ይህ ፈተና ስለቀረ፣ ከዚያ ወዲህ የተቆጠረ ሐረግ በፍርድ ቤት ከቆመው እኩል ሊመዘን አይገባም። ልዕልቲቱ ማንንም አልጎዳችም፣ ለምን ትነካለች የሚሉም አሉ። ጎድታለች እንጂ። ዘውድ የተጫነባት ያቺ ሴት እውነተኛዋን አያት ከነአባቷ ከነአገሯ ታስረሳለች፤ በበጌምድርና በጎንደር የቀሩ ዘመዶችም ከሐረጉ ይቈረጣሉ።

ገና ብዙ ሥራ የሚጠይቀው የቤል ወገን ነው። የቤል ሚስት ወይዘሮ ወርቅነሽ አስፋ ይልማ ትባላለች፤ በውጭ አገር የተጻፉት ሐረጎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእርሷ ወደ ላይ አይወጡም። ቤል ከቴዎድሮስ በፊት የራስ ዓሊ ባለሟል ነበር፤ የራስ ዓሊም መቀመጫ ደብረ ታቦር ነበረች። በዚያ ዘመን የርስት ሽያጭና ስጦታ ከነእማኞቹ በአድባራት ወንጌል ሕዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር፤ ሴቶችም ሻጭና ገዢ ሆነው በስማቸው ይገቡበታል። የወርቅነሽን እናትና አባት የሚፈልግ ሰው ከለንደን መዝገብ ቤት አስቀድሞ የደብረ ታቦርንና የአካባቢዋን አድባራት መጻሕፍት በካህናቱ ፈቃድ ቅጠል በቅጠል ማየት ይኖርበታል፤ ባሏንም በእነዚያ ገጾች ላይ ዮሐንስ ብሎ ይፈልገው።