ዙፋን ሲወድቅ ያልወደቀው በገና

በገናን የሚያስደንቀው ድምፁ ብቻ አይደለም፤ ከቤተ መንግሥት ጋር አብሮ አለመውደቁም ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የፈረንሳይዋ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ሀርፕ ትጫወት ነበር፤ የ1789ኙ አብዮት ግን የቤተ መንግሥቱን ሙዚቀኞች ደጋፊ አሳጣቸው። የእኛም በገና በነገሥታትና በመኳንንት ቤት የተከበረ ነው፤ እቴጌ ጣይቱም ይደረድሩት እንደነበር ይነገራል። ታዲያ በ1966 ዓ.ም. የፈነዳው አብዮት ዘውዱን ሲገረስስ በገና ለምን አብሮ አልጠፋም?

መልሱ ያለው ከአገልግሎቱ ላይ ነው። 10 የጅማት አውታሮቹ እንዚራ ከሚባሉት ቁራጭ ቆዳዎች ጋር ሲነካኩ የሚሰጡት ነዛሪ ድምፅ ለጭፈራ አይሆንም፤ ለግል ጸሎትና ለዐቢይ ጾም ተመስጦ ነው። በቅዳሴ ስለማይገባም ትልቅ ተቋም አይሻም፤ መምህር፣ ደቀ መዝሙርና ጸጥ ያለ ክፍል ይበቁታል። «ደርግስ አልጎዳውም ወይ?» የሚል ቢኖር፣ በእርግጥ ጎድቶታል፤ መንፈሳዊ ዜማ ከሬዲዮ ታገደ፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተምሩ የነበሩት ዓለሙ አጋም ማስተማሩን ትተው ሱቅ ከፈቱ። ይሁን እንጂ በልጅነታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተቀበሉትን ሙያ አልጣሉም፤ ኋላም የተቀዳው ድርደራቸው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 11ኛ አልበም ሆኖ ለዓለም ተሰማ። እገዳው መድረኩን ዘጋ እንጂ ከመምህር ወደ ተማሪ የሚሄደውን መንገድ አልቆረጠውም። ስለዚህ በገናን እንጠብቅ ካልን፣ ከትልልቅ መድረኮች በፊት የሚያስተምሩትን እንደግፍ።