ሠዓሊውና የማተሚያው መኪና

በሐዋሳ ከተማ ሥዕል የሚሞክሩ ወጣቶች ሥራቸውን አባዝተው ለመሸጥ ሲያስቡ፣ በቤት ማተሚያ ራሳችን እናትም ወይስ ለማተሚያ ቤት እንስጥ የሚል ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ብዙዎቹ ነገሩን የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ያደርጉታል። በእኔ አስተያየት ግን መመርመር ያለበት ሌላ ነው፤ ይኸውም ቅጁን በመጨረሻ አይቶ «ይህ ሥራዬ ነው» የሚለው ማን እንደሆነ ነው።

አንድ ጓደኛዬ የአሞራ ገደልን ዓሣ አስጋሪዎችና ፍርፋሪ የሚጠብቁትን አባ ኮዳዎች ሥሎ፣ ለአንድ ማተሚያ ቤት ሰጥቶ 50 ቅጅ አሳተመ። የሐይቁ ሰማያዊ ሐምራዊ ሆኖ መጣ። ሠራተኞቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ስክሪን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን የሚያሳየውን መኪናው በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም ስለሚተካው፣ ደማቅ ሰማያዊ በቀላሉ መልኩን ይለውጣል። ጓደኛዬ አንድ የሙከራ ቅጅ አስቀድሞ ቢያይ ኖሮ 49ኙ ባልባከኑ ነበር።

አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ጀርመን ተወላጁ ሐንሰን ባሂያ በ1950ዎቹ አጋማሽ በእንጨት ቀርጾ ማተምን አስተምሯል። በዚህ ጥበብ ሰሌዳውን የሚቀርጸው፣ ቀለሙን የሚቀባውና ወረቀቱን የሚያነሣው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱም ቅጅ በዓይኑ ሥር ያልፋል። የቤት ማተሚያ ከዚህ ጋር ይዛመዳል ስል የሚስቅብኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ አዝራር መጫን እንጨት ከመቅረጽ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም የመጀመሪያው ወረቀት ሲበላሽ ሁለተኛውን ለማረም ሥልጣኑ የሠዓሊው ነው።

የቤቱም መኪና ጣጣ አለው። ብዙውን ጊዜ ከኤፎር የሚበልጥ ወረቀት አይቀበልም፤ ሳይሠራ ሲቆይ የቀለም መርጫው ይደርቃል፤ በውሃ የሚሟሟው ርካሽ ቀለም ፀሐይ ባለበት ግድግዳ ላይ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ፒግመንት የሚባለው ይሻላል፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ብዙ መቶ ቅጅ ለሚፈልግ፣ የፕሌቱ ወጪ በብዛቱ ስለሚካፈል፣ የማተሚያ ቤት ኦፍሴት ያዋጣል። ለ20 ቅጅ ግን እኔ በበኩሌ ቤትን እመርጣለሁ። ማተሚያ ቤት የሚሄደውም ፋይሉን ልኮ አይቅር፤ ሄዶ የሙከራውን ቅጅ ከደጅ፣ በቀን ብርሃን ይይ።

ጓደኛዬ በኋላ በተዋሰው የቤት ማተሚያ 12 ቅጅ አተመ። ሰማያዊው አሁንም የሐይቁን አያህልም፤ አራት ወረቀት አበላሽቶ የመረጠው ግን እርሱ ራሱ ነው።